300 ለሞጣ ልጅ ስንት ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት የተለቀቀ ሰሞን ቴሌግራሙም ፌስቡኩም በከፍተኛ ነጥብ አምጪዎች ፎቶ ይሞላል። ደስ ይላል፣ ይገባቸዋልም። ከሞጣና ከብቸና ሆኖ ውጤቱን የሚያየው ልጅ ጉዳይ ግን ብዙም አይወራም።

ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። በ2015 ዓ.ም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ከ2014 ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠቱ ለኩረጃ በሩን አጥብቧል። ወደ ድሮው ይመለስ የሚል ካለ እኛ የለንበትም።

ግን ከ600ው 300 ማምጣት ለሁሉም እኩል አይከብድም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ጦርነቱ በምሥራቅ ጎጃም ትምህርቱን ምን እንዳደረገው የአካባቢው ልጅ ያውቀዋል። ክፍል ተዘግቶ፣ መንገድ ተቋርጦ፣ ዳታ ጠፍቶ የከረመ ተማሪ 270 ቢያመጣ፣ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ተምሮ፣ አስጠኚ ተቀጥሮለት 310 ካመጣው በጉብዝና ያንሳል? አንደኛው ግን በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ሌላኛው ሬሜዲያል ይጠብቃል፤ እሱም ከደረሰው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ካለ ደግሞ ሌላ የመግቢያ ፈተና አለበት።

300ው ይቀነስ አንልም። ለሴቶችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች የሬሜዲያል መቁረጫ ነጥብ ዝቅ እንደሚለው ሁሉ፣ ትምህርት ቤቱ ስንት ወር ክፍት እንደነበረም ይታይ። ትምህርት ሚኒስቴር ይህን ከየወረዳው ጠይቆ ማወቅ አያቅተውም።