በማን ነው የሳቅነው?

ዛሬ ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን ስለምናየው ፊልም እንጨዋወት። የመረጥኩት “ሽሬክ”ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ ልጆች የነበሩ ብዙዎች ዛሬ ለራሳቸው ልጆች ይከፍቱታል።

ታሪኩን ታስታውሱት ይሆናል። ሽሬክ የሚባል አረንጓዴ ጭራቅ በረግረግ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ሰዎች መልኩን አይተው ስለሚሸሹት፣ “ሳያውቁኝ ፈረዱብኝ” ብሎ ልቡን ዘግቷል። ልዕልት ፊዮና ደግሞ ቀን ቀን ቆንጆ ናት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ጭራቅ ትሆናለች። በለመድነው ተረት ቢሆን እርግማኑ ሲፈታ ቆንጆ ሆና ትቀር ነበር። እዚህ ግን ጭራቅ ሆና ቀረች፤ ሽሬክም ውብ እንደሆነች ነገራት። ለሴት ልጆቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከፊልሙ ጀርባም ብዙ ድካም አለ። የሽሬክን ድምፅ አስቀድሞ አብዛኛውን የቀዳው ኮሜዲያን ክሪስ ፋርሊ ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 በ33 ዓመቱ ሞተ። በእርሱ ቦታ የገባው ማይክ ማየርስ ደግሞ ድምፁን ከቀዳ በኋላ አልረካም፤ በስኮትላንድ አነጋገር እንደገና ሠራው። ለፍላፊው አህያ ኤዲ መርፊ ነው፤ ፊዮና ካሜሮን ዲያዝ ናት። ፊልሙ በ2002 ለረጅም የአኒሜሽን ፊልም የተሰጠውን የመጀመሪያውን ኦስካር አገኘ። በ2020 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ይገባል ከሚላቸው ፊልሞች ጋር መዘገበው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ይከነክነኛል። በመልክ አትፍረዱ የሚለው ይኸው ፊልም በገዢው በሎርድ ፋርኳድ አጭር ቁመት ደጋግሞ ያስቀናል። ሽሬክና አህያው ራሳቸው በመንገድ ላይ ይቀልዱበታል። እኔም ከልጄ ጋር ሳየው ከት ብዬ ስቄአለሁ። በሳምንቱ ልጄ አንድ አጭር ጎረቤታችንን በመስኮት አይቶ “ፋርኳድ መጡ!” ሲል ሰማሁት። ልቆጣው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ዝም አልኩ። አብሬው የሳቅኩት እኔ አይደለሁምን?

ማታ አጠገቤ አስቀምጬ፣ “ፋርኳድ ምን አጠፋ?” ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና፣ “ከተረት የመጡትን ሁሉ ከቤታቸው አባረረ” አለኝ። “ታዲያ ጎረቤታችን ማንን አባረሩ?” ስለው አቀረቀረ። እኔም ስለ ሳቄ ይቅርታ ጠየቅኩት።

እናቶችና አባቶች፣ ፊልሙን ከልክሉ እያልኩ አይደለም። እኛም ዛሬም እናየዋለን። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ቶሎ አትነሡ። “በማን ሳቅን? በሥራው ነው ወይስ በተፈጠረበት ቁመት?” ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቻችን ፊልሙ ከሚለው ይልቅ እኛ የምንስቅበትን ይማራሉ።