ስለ ልጆች የከፍተኛ ትምህርት ምርጫ

የአዋሽ ወላጅ፥ ልጁ ፈተናውን ባለፈ ጊዜ በሁለት መንገድ መካከል ይቆማል፤ አንዱ በ2000 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የመንግሥት ሰመራ ዩኒቨርሲቲ፥ ሁለተኛው በአዲስ አበባ ወዳለው የግል ዩኒቨርሲቲ ይወስዳል። በመንግሥቱ ተማሪው የወጪ ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል፤ በግሉ ግን ገንዘቡ ከትምህርቱ ጋራ አብሮ ይጠየቃል። እንግዲህ ለአንዱ ልጅ ግመሉን ሁሉ የሚሸጥ አባት፥ የታናናሾቹንም ድርሻ አብሮ እንደ ሸጠ ይወቅ። የከበረ ስም ዕውቀትን አይተካም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥቱም የግሉም ተማሪ፥ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲጨርስ የመውጫ ፈተና ይፈተናልና። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ የሕንጻውን ውበት ከማድነቃችሁ በፊት፥ ልጃችሁ በሚመርጠው ትምህርት ከተፈተኑት ስንቱ እንዳለፉ ጠይቁ። ይህን ለመንገር የሚያፍር ትምህርት ቤት፥ የመንግሥትም ቢሆን የግል፥ ልጃችሁን ሊረከብ አይገባውም እንላለን።