ጸሐፊዋስ?

«የአንዲት ጸሐፊ ወረቀት ምን ይፈይዳል?» የሚሉን አሉ። ኧረ ብዙ ይፈይዳል!

ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙትን አቤቱታ እኛ ተማሪዎች በቃላችን እናነበንበዋለን። አብራቸው ጄኔቭ የሄደችውን ጃማይካዊት ዩና ማርሰንን ግን ስንቶቻችን እናውቃታለን? በለንደኑ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ጸሐፊ ነበረች፤ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔትም ናት። ኋላ ቢቢሲ ገብታ በ1935 ዓ.ም. «የካሪቢያን ድምፆች» የተባለውን የሥነ ጽሑፍ ፕሮግራም ጀመረች። አገሯ ተመልሳም በ«ፓዮኒር ፕሬስ» የአገሯን ደራስያን ለማሳተም ደከመች። ወረቀቶቿ ኪንግስተን፣ በጃማይካ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።

እኛ ግን ታሪክ የምንለው መድረክ ላይ የቆመውን ብቻ ነው። ታይፕ የመታው፣ ደብዳቤ ያመላለሰው፣ ማይክራፎኑን ለሌላው ያቀበለው አይቆጠርም። ይህ የዙፋን ታሪክ ነው፤ ዙፋኑን የሚረግመውም ሳይቀር ይደግመዋል!

እንግዲህ ስለ ጄኔቭ የምንጽፍ ሁሉ ኪንግስተንንም እንጠይቅ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ለተረሳው ለራዲዮና ለቴአትር ሰዎቻችን ወረቀትም፣ የቆሎ መጠቅለያ ሳይሆን እንድረስለት።