የተቈራረጠ ታሪክ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አንድ ልብሱ የጸዳ፣ አነጋገሩም የታረመ ሰው ከደጅዎ ቆሞ፣ «እናትና አባትዎ ያስተማሩዎት ሃይማኖት የክርስቶስ አይደለም፤ በ325 ዓመተ ምሕረት አንድ የሮማ ንጉሥ የፈጠረው ነው» ቢልዎ ምን ይመልሱለታል? ብዙ ሰው ተቈጥቶ በሩን ይዘጋል። ሌላው ደግሞ ስለ ነገሩ የሚያውቀው ስለሌለ ዝም ብሎ ይሰማና ሌሊቱን ሲያሰላስል ያድራል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም አልተጠቀሙም። በሩን የዘጋው ሰውዬውን ከደጁ አባረረ እንጂ ቃሉን ከልጆቹ ጆሮ አላባረረም፤ ዝም ያለውም ያልተመረመረ ነገር ይዞ ቀረ።

ዛሬማ ወሬው እስከ ደጅ መምጣት እንኳ አያስፈልገውም። በትንንሽ መጽሐፍ ታትሞ፣ በእጅ ስልክም በሚታይ ፊልም ተቀርጾ ከመኝታ ቤት ይገባል። በዚህም የተነሣ ልጅ ከአባቱ ማዕድ ይለያል፤ ወንድምም «የአረመኔ ሥርዓት ነው» ብሎ ከእናቱ ተዝካር ይቀራል። እንግዲህ ነገሩ የመምህራን ክርክር ብቻ አይደለም፤ ቤት የሚያፈርስ ነገር ነው።

ማንም ማኅበር እንደ ልቡ የማመን መብት አለው፤ በዚህ ዐምድ የማን እምነት ትክክል ነው ብለን ለመፍረድ አልተነሣንም። የእኛ ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም «ታሪክ እንዲህ ይላል» ሲባል፣ በውነቱ ታሪክ እንዲህ ይላልን? የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ከሁሉ አስቀድሞ የኒቅያን ጉባኤ እንመልከት። ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ በ325 ዓመተ ምሕረት ጳጳሳትን ኒቅያ ላይ እንደ ሰበሰበ እውነት ነው። ከተማይቱ ዛሬ በቱርክ አገር ኢዝኒክ ትባላለች። ንጉሡ በዚያን ጊዜ ገና አልተጠመቀም ነበር፤ ይህም እውነት ነው። በጉባኤው የነበረው የቂሳርያው አውሳብዮስ የጳጳሳቱን ቍጥር ከ250 በላይ ያደርገዋል፤ በኋላ የጸናውና ቤተ ክርስቲያናችን ሠለስቱ ምዕት እያለች የምታስባቸው ግን 318 ናቸው። የተሰበሰቡበትም ዋና ጕዳይ የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ «ወልድ ፍጡር ነው» ብሎ በማስተማሩ ነበር። ከዚያ ሌላ የፋሲካን በዓል ቀንና የቤተ ክርስቲያንን አስተዳደር የሚመለከት ነገር ተነጋግረው 20 ቀኖናዎች ጽፈዋል።

እንግዲህ ከዚህ እውነተኛ ግንድ ላይ አራት የሐሰት ቅርንጫፎች ተቀጥለውበታል።

የመጀመሪያው «ኢየሱስ አምላክ የተባለው ኒቅያ ላይ በድምፅ ብልጫ ነው» የሚለው ነው። ይህን ወሬ ከሁሉ ይልቅ ያስፋፋው በ2003 የታተመው የአሜሪካዊው የዳን ብራውን ልብ ወለድ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ልብ ወለድ መሆኑን ረስቶ እንደ ታሪክ ተቀበለው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለ አንድ ሰው የድምፁ ልዩነት ጥቂት እንደ ነበረ ይናገራል። በታሪኩ ግን በመጨረሻ የሃይማኖቱን ጸሎት አንፈርምም ብለው ከአርዮስ ጋራ የተሰደዱት ጳጳሳት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር አለ። ከኒቅያ ጉባኤ 200 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በ112 ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ ኒቅያ የምትገኝበትን የቢታንያን አውራጃ ይገዛ የነበረው ሮማዊው ፕሊኒዮስ ለንጉሡ ለትራያኖስ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ፕሊኒዮስ ክርስቲያን አልነበረም፤ እንዲያውም ክርስቲያኖችን እየመረመረ የሚቀጣ ሹም ነበር። በደብዳቤውም እነዚህ ሰዎች በታወቀ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ ልክ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ብሎ አስታወቀ። ለክርስቲያኖች የማያዳላ ሰው የመሰከረውን ነገር ከ200 ዓመት በኋላ የተፈጠረ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ሁለተኛው «የንጉሡ ሰይፍ ነው ሃይማኖቱን የወሰነው» የሚለው ነው። ቈስጠንጢኖስ የጉባኤውን ውሳኔ በሥልጣኑ እንደ ደገፈ፣ አርዮስንም እንዳሰደደና መጻሕፍቱ እንዲቃጠሉ እንዳዘዘ አይካድም። ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ቈርጠው ይተዉታል። ቀጥሎ የሆነውን ብናነብ ያው ንጉሥ አርዮስን ከስደት መለሰው፤ የኒቅያን ሃይማኖት ይጠብቅ የነበረውን አትናቴዎስን ግን በ335 ወደ ሩቅ አገር ሰደደው። ንጉሡ ራሱ በ337 ሊሞት ሲል የተጠመቀው የአርዮስ ወዳጅ በነበረው በኒቆሜድያው አውሳብዮስ እጅ ነው። ልጁ ቈስጣንዮስም የአርዮስን ወገን ደገፈ፤ አትናቴዎስ በዕድሜው 5 ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል። ሃይማኖትን የሚወስን የንጉሥ ሰይፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያሸነፈው የአርዮስ ትምህርት በሆነ ነበር።

የዚህ ነገር ምስክር እስከ አገራችን ይደርሳል። ንጉሥ ቈስጣንዮስ በ356 ዓመተ ምሕረት ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤውም ሐሳብ አትናቴዎስ የሾመውን ፍሬምናጦስን፣ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ በእስክንድርያ በአትናቴዎስ ቦታ በተተካው በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ እንዲመረመር ወደዚያ ስደዱልን የሚል ነበር። ይህን ደብዳቤ አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ አስገብቶ አቈይቶልናል። ታላቁ የሮማ ንጉሥ ከኒቅያ በተቃራኒ ቆሞ አክሱም ድረስ እጁን ሲዘረጋ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን እስከ ዛሬ የሠለስቱ ምዕትን ስም በቅዳሴዋ ትጠራለች። «ሃይማኖታችሁ የሮማ ንጉሥ ትእዛዝ ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የሚሻል መልስ ያለ አይመስለንም።

ሦስተኛው «ቈስጠንጢኖስ የመጽሐፍ ቅዱስን ክፍሎች መርጦ ሌላውን አቃጠለ» የሚለው ነው። ከ20ዎቹ የኒቅያ ቀኖናዎች ውስጥ ስለ መጻሕፍት ዝርዝር የሚናገር አንድም የለም። ታዲያ ወሬው ከየት መጣ ቢሉ፣ ንጉሡ ጥቂት ዓመት ቈይቶ ለአዲሲቱ ከተማው አብያተ ክርስቲያናት 50 የቅዱሳት መጻሕፍት ቅጂ እንዲጻፍለት አውሳብዮስን አዝዞ ነበር። ማስገልበጥና መምረጥ ግን የተለያየ ሥራ ነው። ዛሬ የምናውቃቸውን 27 የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨምር ሳይቀንስ ዘርዝሮ የጻፈው አትናቴዎስ ሲሆን፣ የጻፈውም ንጉሡ ከሞተ ከ30 ዓመት በኋላ በ367 ነው። ደግሞስ ንጉሡ ለሁሉ አንድ ዝርዝር ወስኖ ቢሆን ኖሮ፣ የኒቅያን ጉባኤ የምትቀበለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት፣ ካቶሊካውያን 73፣ ፕሮቴስታንቶች 66 እንዴት ሊቈጥሩ ቻሉ? መጽሐፈ ሄኖክስ ተቃጥሎ ከሆነ በግዕዝ ሙሉ ሆኖ እንዴት ሊገኝ ቻለ?

አራተኛው «እሑድን የፈጠረው ቈስጠንጢኖስ ነው» የሚለው ነው። በ321 ንጉሡ ዳኞችና የከተማ ሰዎች በፀሐይ ቀን ከሥራ እንዲያርፉ በሕግ አዝዟል፤ ገበሬዎች ግን እንዲሠሩ ፈቅዷል። ይህ የሥራ ዕረፍት ሕግ ነው። ክርስቲያኖች በእሑድ ቀን መሰብሰባቸውንማ ሰማዕቱ ዩስጢኖስ በ150ዎቹ ዓመታት ለሮማ ንጉሥ በጻፈው መልስ ላይ አስረድቶታል። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜንና እሑድን አንድነት ታከብራለች፤ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የቅዳሜን ክብር ያጸናው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። የሰንበት ነገር ረዥም ታሪክ ያለው ነውና በአንድ ንጉሥ አዋጅ ብቻ አይፈታም።

ከኒቅያ ቀጥሎ የሚጠቀሰው የባቢሎን ነገር ነው። አሌክሳንደር ሂስሎፕ የተባለ የስኮትላንድ ቄስ በ1853 አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1858ም አስፋፍቶ «ሁለቱ ባቢሎኖች» በሚል ስም አወጣው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሁሉ ናምሩድና ሚስቱ ሰሚራሚስ ካቆሙት የባቢሎን አምልኮ የመጣ ነው ይላል። የይሖዋ ምስክሮችና ሌሎችም ማኅበሮች ይህን መጽሐፍ ለብዙ ዓመት እንደ ምስክር ሲጠቅሱት ኖረዋል።

ነገር ግን ኦሪት ስለ ናምሩድ ሚስት ምንም አትናገርም። ለሰሚራሚስ ተረት መነሻ የሆነችው ሻሙራማት የአሦር ንግሥት ስትሆን የኖረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800 ዓመት ገደማ ነው፤ ናምሩድ ግን በኦሪት የተጻፈው ከጥፋት ውኃ በኋላ ከመጡት ከመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ጋራ ነው። ሂስሎፕ የቍርባኑ ኅብስት ክብ መሆኑን አይቶ የፀሐይ አምልኮ ምልክት ነው አለ። እንዲህ ከሆነ እንጀራችንም ክብ ነውና ኢትዮጵያዊ ሁሉ በምሳ ሰዓት ፀሐይ ያመልካል ሊባል ነውን? የትንሣኤ በዓልም በእንግሊዝኛ «ኢስተር» መባሉን ይዞ ከጣዖቲቱ ከአስታሮት ስም ጋራ አገናኘው። በግሪክም፣ በላቲንም፣ በእኛም ቋንቋ የበዓሉ ስም «ፋሲካ» ሲሆን፣ ይህም እስራኤል ከግብፅ ከወጡበት ከዕብራውያን በዓል ስም የመጣ ነው።

የዚህ መጽሐፍ ነገር ያልተጠበቀ ፍጻሜ አለው። ራልፍ ዉድሮው የተባለ አሜሪካዊ ሰባኪ የሂስሎፕን ትምህርት አምኖ በ1966 በቀላል ቋንቋ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉም እጅግ ተሸጠ። ከጊዜ በኋላ ግን አንድ የታሪክ መምህር የሂስሎፕ ምስክርነት የሚታመን አይደለም ብሎ ተከራከረው። ዉድሮው አልተቈጣም፤ ሂስሎፕ የጠቀሳቸውን የጥንት መጻሕፍት አንድ በአንድ እየፈለገ አነበበ። ብዙዎቹ ሂስሎፕ ይላሉ ያለውን አይሉም። ስለዚህ የሚያተርፍለትን መጽሐፍ ከገበያ አንሥቶ፣ በ1997 ስሕተቱን የሚገልጽ ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። እንዲህ ያለ ሰው በማንኛውም ወገን ቢገኝ ሊከበር ይገባዋል።

ሌላው የተለመደ ዘዴ የአባቶችን ቃል ከመካከል ቈርጦ መጥቀስ ነው። በ1989 የይሖዋ ምስክሮች ስለ ሥላሴ ያሳተሙት ብሮሹር፣ ዩስጢኖስ ክርስቶስን «ሁሉን ከፈጠረው አምላክ ሌላ» የሆነ የተፈጠረ መልአክ እንዳለው ይናገራል። ዩስጢኖስ በእርግጥ መልአክ ብሎታል፤ የኒቅያንም ቃል ገና አልተናገረም። ነገር ግን መልአክ ያለው የእግዚአብሔርን መልእክት ለሰው ስለሚያደርስ እንደ ሆነ፣ በዚያው መጽሐፍም ደጋግሞ «አምላክ» ብሎ እንደሚጠራው ብሮሹሩ አልገለጸም። አንባቢው ግማሹን ብቻ ሰምቶ ፈረደ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስንል የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነቀፌታ የለበትም ማለታችን አይደለም። በ1204 የመስቀል ጦረኞች የክርስቲያኖችን ከተማ ቍስጥንጥንያን ዘርፈዋል። ቈስጠንጢኖስ ለሮማ ጳጳስ ግዛት ሰጠ የሚለው ዝነኛ ሰነድም ሐሰተኛ ነበር፤ ሐሰተኛነቱን በ1440 ከሰነዱ ላቲን አጻጻፍ ያረጋገጠው ሎሬንዞ ቫላ ግን በኋላ በጳጳሱ ጽሕፈት ቤት የሠራ ሊቅ ነው። ወጣቶችን ከቤታቸው የሚያስኰበልለው አንዳንድ ጊዜ የነቃፊው ብልሃት ሳይሆን የአስተማሪው መደበቅ ነው። ልጅ እውነተኛውን ጥፋት ከአባቱ አፍ ያልሰማ እንደ ሆነ፣ ከሌላ ሰው በሰማ ጊዜ ሐሰተኛውንም አብሮ ያምናል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰሙ ሳይቈጡና ሳይደነግጡ አራት ነገር ይጠይቁ። የተጠቀሰው ቃል በየትኛው መጽሐፍ ይገኛል? ከፊቱና ከኋላው ምን ይላል? የተጻፈው ነገሩ ከሆነ ከስንት ዓመት በኋላ ነው? ሁለት ነገሮች ስለ ተመሳሰሉ ብቻ አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለት ይቻላልን? እነዚህኑ ጥያቄዎች ደጅዎ ለመጣው ሰው ብቻ ሳይሆን፣ የራስዎን ወገን ለሚያሞግስ ተናጋሪም ያቅርቡለት። ልጅዎም መጽሐፉን ይዞ የመጣ እንደ ሆነ ነጥቀው አይጣሉበት፤ አጠገቡ ተቀምጠው አብረውት ያንብቡ። ያላወቁት ነገር ቢገጥምዎ «ጠይቄ እነግርሃለሁ» ይበሉት፤ ጠይቀውም ይንገሩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፣ ለመመርመር ጥቂት ቀን የሚታገሥ ሰው የሚጐዳበት ነገር የለም።