የሰይፉ ሚዛን ያለው በከረጢቱ ውስጥ ነው

ስለ ሥልጣንና ስለ በጀት በሚጻፍበት ገጽ ላይ የቪዲዮ ጨዋታ ማንሣቴ ቢያስገርማችሁ አልፈርድባችሁም። ሆኖም ገንዘብና ጦርነት እንዴት እንደሚመጋገቡ ለማየት የምንችልበት ምቹ መስኮት ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የምናገረው ዋርሆርስ የተባለው የፕራግ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2018 ስላወጣው «ኪንግደም ከም፦ ዴሊቨራንስ» ነው። ዘንዶና አስማተኛ የለበትም። ታሪኩ የሚጀምረው በ1403 በቦሔሚያ ነው። ሲጊስሙንድ በአባት የሚገናኘውን ወንድሙን ንጉሥ ቬንሴስላስን በ1402 አሠረ፤ በማግስቱ ዓመት ጦሩ የብር ማዕድን ያላትን ስካሊትዝን ሲያጠፋ፣ የአንጥረኛ ልጅ የሆነው ሄንሪ ወላጆቹን አጥቶ ይሰደዳል። የፕራግ ግሮሽ የተባለው የብር ገንዘብ ከ1300 ጀምሮ በኩተንበርግ ይመታ ስለነበር፣ በዚያች አገር ብርን የያዘ ሥልጣንንም ያዘ ማለት ነበር። እንግዲህ ኢኮኖሚው የጨዋታው ጌጥ ሳይሆን የጦርነቱ ሥር ነው።

የጨዋታው መጀመሪያ ግሩም ነው። ሄንሪ ሰይፍ አያያዝ አያውቅም፤ ማንበብም አይችልም። ይርበዋል፤ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሰይፉ ይዶለዱማል፤ ልብሱ ይቀደዳል። በመንገድ ላይ ሁለት ሽፍቶች ቢገጥሙት የሚያዋጣው መሮጥ ነው። ልብ በሉ፤ ውጊያው የከበደው ጠላት ግዙፍ ስለሆነ አይደለም። ሄንሪ ድሀ ስለሆነ ነው። ጥሩርና ራስ ቁር ያለው ይድናል፤ የሌለው ይሞታል። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ የውጊያ ሚዛን በሌላ ጨዋታ አላየሁም።

ይህ ሚዛን ግን አይቆይም። ተጫዋቹ አንድ ሽፍታ ገድሎ ጥሩሩን ሲገፍና ሲሸጥ የሚያገኘው ግሮሽ፣ ቅጠል ለቅሞ ወይም ተልኮ ከሚያገኘው እጅግ ይበልጣል። በገንዘቡ የተሻለ ጥሩር ይገዛል፤ በተሻለው ጥሩር ብዙ ሽፍታ ይገድላል፤ ብዙ ምርኮም ይሸጣል። የነጋዴው ገንዘብ ውስን መሆኑና የዕቃው ክብደት ለጊዜው ቢገድቡትም፣ ፈረስና ትዕግሥት ያለው ያልፋቸዋል። በዚህ ላይ ከሻምበል በርናርድ የሚማረው፣ መክቶ በዚያው ቅጽበት መልሶ የመምታት ስልት ሲጨመር ውጊያው ቆሞ የመጠበቅ ጉዳይ ይሆናል። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ እንዲሉ፣ የትናንቱ ስደተኛ ታሪኩ ሳይጋመስ የሚፈራው ነገር ያጣል።

መፍትሔው ምንድር ነው? ብዙዎች «ጠላቶቹ ይጠንክሩ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የጠላትን ጉልበት ለሁሉም እኩል መጨመር፣ በሀብታሙና በድሀው ላይ እኩል ግብር እንደ መጣል ነው። ጀማሪውን ይሰብረዋል፤ በብረት የተሸፈነውን ግን አይነካውም። ችግሩ ከሰይፉ ሳይሆን ከከረጢቱ ነውና መታከም ያለበት ከረጢቱ ነው። ዐሥር ጥሩር የገዛች ከተማ ለዐሥራ አንደኛው ለምን ጥሩ ዋጋ ትሰጣለች? በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በብዙ ሥፍራ ከምርኮ ለጌታ ድርሻ ይሰጥ ነበር፤ የሄንሪ ጌታ ድርሻውን ለምን አይጠይቅም? ባለ ጥሩሩ ሰው ፈረሱን፣ አሽከሩንና ማዕረጉን የሚያኖርበት ወጪስ የት ሄደ?

ሠሪዎቹ ይህን ጨርሶ አላሰቡትም ማለት አይደለም። በዚያው በ2018 ባወጡት ተጨማሪ ክፍል ሄንሪ የፈረሰችውን ፕሪቢስላቪትዝን በብዙ ሺህ ግሮሽ መልሶ ይገነባል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን መንደሯ ቆማ ማስገባት ስትጀምር ወጪው ተመልሶ ገቢ ይሆናል፤ ማፍሰሻው ራሱ ምንጭ ሆነ። በ2025 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ያን የመልሶ መምታት ስልት በሰይፍ ብቻ፣ ያውም ከተቃራኒው አቅጣጫ ሲሆን እንዲሠራ በማድረግ ውጊያውን አርሞታል። የከረጢቱ ነገር ግን በእኔ እምነት ዛሬም አልተቋጨም።

«ጨዋታ ነው፤ የለፋ ሰው ይረፍበት እንጂ» የሚል አይጠፋም። ይረፍ፤ የእጁ ጥበብ በልምምድ ያፈራው ነውና የራሱ ነው። እኔ የምቃወመው በጎረቤቱ እልቂት የተሰደደ ልጅ፣ ሬሳ መግፈፍ ከሥራ ሁሉ የሚያተርፍ ሆኖ ሲያገኘውና ጨዋታው አንዳች ዋጋ ሳይጠይቀው ሲቀር ነው። የስካሊትዝ ሰዎች ያለቁት ይህንኑ ሒሳብ ባሰላ ሠራዊት አልነበረምን? ዘመኑን በእውነት ለማሳየት የተነሣ ጨዋታ፣ ጦርነት ለጥቂቶች የሚያተርፈውን ያህል ማን እንደሚከፍልበትም ማሳየት አለበት።