በመጫወቻ ካርታ ላይ ምን ይሣል?

የመጫወቻ ካርታ ስም ሲነሣ ብዙ ወላጆች ፊታቸው ይጠቁራል፤ ካርታና ቁማር በአሳባቸው ተጣብቀው ኖረዋልና። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ይሁንና ጥፋቱ የሚመጣው ተጫዋቾች ከሚያስይዙት ገንዘብ እንጂ ከወረቀቱ ባለመሆኑ፣ ይህን ክርክር በዚሁ ትቼ ከወረቀቱ ላይ ስለሚሣለው ነገር አሳቤን እገልጥላችኋለሁ።

ተማሪዎች ሆይ፣ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ በሆነችው በአጣዬ እንደምትማሩ አስቡ። የይፋትን ቆላ መልክ የያዘ ካርታ ነድፋችሁ ለማተሚያ ቤት እንድታቀርቡ ተጠየቃችሁ እንበል። የተለመደው ካርታ ከጆከሮቹ ሌላ 52 ቅጠል ሲኖረው፣ እነዚህም በአራት ወገን ተከፍለው ለእያንዳንዱ ወገን 13 ይደርሰዋል። ከአጣዬ ብዙ በማይርቀው በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ደግሞ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛሉ። አራት ወገን፣ አራት ሕዝብ! ለነዳፊ ከዚህ የቀለለ መፍትሔ ያለ አይመስልም፤ እያንዳንዱን ሕዝብ በየልብሱ ሥሎ አንዳንድ ወገን መስጠት ነው። እኔ ግን ይህን አሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ።

እርግጥ ነው፣ የአሳቡ ደጋፊዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ አራቱም በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲገኙ የአንድነት ምልክት ይሆናሉ ይላሉ። ነገር ግን ካርታ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይ ሥዕል አይደለም፤ የሚጣል፣ የሚነሣ፣ የሚበላ ነገር ነው። በብዙ ጨዋታዎች ከአራቱ ወገኖች አንዱ ተመርጦ ሦስቱን ይገዛል። እንግዲህ ተጫዋቹ የማይፈልገውን ቅጠል ሲወረውር «ይህን ሕዝብ ጣልሁ»፣ ሲያሸንፍም «ያንን ሕዝብ በላሁ» ሊል ነውን? አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት በተነሣው ግጭት ቤቶቿ ተቃጥለው፣ ሰው ሞቶባት፣ ነዋሪዎቿ የተሰደዱባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለው ቃል በሌላ ስፍራ ቀልድ ሆኖ ቢያልፍ፣ በዚያ እንደ ቀልድ አያልፍም።

ሰውን ሳይሥሉ ካርታ መሥራት ይቻላል ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ይቻላል፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊትም ተሠርቷል። በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ተጠብቆ የሚገኘው የግብጽ ማምሉኮች ካርታ አራት ወገኖች አሉት፤ እነርሱም ጽዋ፣ የወርቅ ገንዘብ፣ ጎራዴና የገና ዱላ መሳይ በትር ናቸው። ንጉሡና እንደራሴዎቹ የሚታወቁት በጽሕፈትና በሐረግ ብቻ ሲሆን፣ አንድም የሰው መልክ የለበትም። ውበቱ ግን ያላነሰ ነው። ፈረንሳዮችም በአብዮታቸው ዘመን፣ በ1793 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ንጉሡንና ንግሥቲቱን ከካርታቸው አውጥተው የነጻነትና የእኩልነት ምስሎችን ተክተዋል፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ነገሥታቱ ቢመለሱም።

ስለዚህ እኔ ብሆን ወገኖቹን ከሰው ሳይሆን ከገበያው እመርጣለሁ፦ የማሽላ ራስ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ጀበና። ጤፍን የተውሁት ንቄው አይደለም፤ ዛላው በጥፍር ልክ አንሶ ሲሣል ከማሽላው ጋር እንዳይምታታ ነው። ምልክቱ ማማሩ ብቻ አይበቃም፤ ተጫዋቹ ቅጠሎቹን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ሲይዝ የሚታየው ከላይ ያለው የግራ ጥግ ብቻ ነውና፣ ከዚያች ጠባብ ስፍራ ላይ መለየት አለበት።

ፊደላችንም የራሱ ችግርና የራሱ በረከት አለው። «ንጉሥ» እና «ንግሥት» ሁለቱም በ«ን» ስለሚጀምሩ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ከጥጉ ላይ መጻፍ አይሆንም። በአንጻሩ በሌላው አኃዝ ሁለት ምልክት የሚጠይቀው 10፣ በግእዝ አንድ ፲ ብቻ ነው፤ ለጠባብ ጥግ የተፈጠረ ይመስላል።

ማተሚያ ቤቱ የሚጠይቃችሁም አለ። የአንዱ ቅጠል የተለመደ ስፋት 63፣ ቁመቱ 88 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለሙ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ ሜትር ያህል አሳልፋችሁ ሣሉት፤ አለዚያ መቁረጫው ጥቂት ሲንሸራተት ነጭ ጠርዝ ብቅ ይላል። ጽሕፈቱና ምልክቱ ግን በዚያው ልክ ወደ ውስጥ ይግቡ። ጀርባው ተገልብጦ ሲያዝ መልኩ እንዳይለወጥ ሆኖ ይነደፍ፤ አንዱ ቅጠል በጀርባው ከሌላው ከተለየ ለአጭበርባሪ በር ተከፈተ ማለት ነው። ወረቀቱም ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን።

ሥራውን ለማተሚያ ቤቱ ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ናሙና በተራ ወረቀት አትማችሁ ቁረጡና፣ ማታ በደብዛዛ ብርሃን ለሚጫወቱ ሰዎች ስጡ። ፮ን እና ፯ን ካምታቱ፣ ሥዕሉን አሳንሳችሁ አኃዙን አጉሉት።