ሙት ወቃሽ ማን ነው?

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሳይል ሟችን የሚነቅፍ ኢትዮጵያዊ ብዙ አይገኝም። ብሂሉ መልካም ነው፤ የሞተ ሰው መልስ አይሰጥምና። እኛ ወሬ ነጋሪዎች ግን፣ በጋዜጣም ሆነ በፌስቡክ የምንጽፈው፣ ነገሩን ገልብጠን ይዘነዋል። የሹሙን ሥራ እንሸፍናለን፤ የድሃውን ሬሳ እንገልጣለን።

በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሕመም የጻፈው የ«ፍትሕ» ጋዜጣ እትም እንዳይሰራጭ ታገደ። በተከታዩ ወር ሞታቸው ታወጀ። የመሪን ጤና መጠየቅ ነውር አልነበረም፤ ነውሩ ሕዝብን በጨለማ ማቆየቱ ነበር።

አሁን ደግሞ ሚያዝያ 2007ን እናስታውስ። አይ ሲስ በሊቢያ አንገት ቆርጦና ተኩሶ የገደላቸውን ወገኖቻችንን ፊልም በተነ። ቂርቆስ ውስጥ የልጃቸውን ሞት ከዚያው ምስል የተረዱ ቤተሰቦች ነበሩ። በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ይጠራራል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል። እናት ብቻዋን እንዳትሰማ ነው ይህ ሁሉ። ገዳዩ ይህን ሥርዓት ባያከብር አይገርምም። ምስሉን ተቀብሎ ያዳረሰው የኛው ሰውስ ምን ይባል?

«ሕዝብ የማወቅ መብት አለው» ይሉኛል። አለው እንጂ! ስንት ሰው እንደሞተ፣ ማን እንደገደለ፣ ወጣቶቹ ለምን እንደተሰደዱ፣ ማን ዝም እንዳለ ይወቅ። የተቆረጠ አንገት ማሳየት ከእነዚህ ጥያቄዎች የትኛውን ይመልሳል?

ይህን የምጽፈው ከአዘዞ ነው። እዚህ ገነተ ኢየሱስ አፄ ሱስንዮስ ተቀብረዋል። ካቶሊክነትን የመንግሥት ሃይማኖት አድርገው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ልጃቸው በንጉሥ ክብር ቀበሯቸው። የአባታቸውን ሥራ ግን አፍርሰው ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ሬሳን ማክበርና ሥራን መንቀፍ እንደማይጣሉ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ያሻል?

«እንግዲያው መንግሥት በሕግ ይቆጣጠረው» የሚሉ አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። የሙታንን ክብር እጠብቃለሁ ብሎ የሚነሣ ሳንሱር መጨረሻው በሕይወት ያሉትን ሹማምንት መጠበቅ ነው። ይህ ጋዜጠኛው ራሱ በራሱ ላይ የሚያኖረው ልጓም መሆን አለበት።

ስለዚህ፣ ወንድሜ፣ ስምና ምስል ከማውጣትህ በፊት «እናቱ ተረድታለች ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ሟቹ ሹም ከነበረ ደግሞ ሥራውን ከነማስረጃው አውጣው፤ አትፍራ። ሙት ወቃሽ የሚባለው እውነት የጻፈ አይደለም፤ በሬሳ ገበያ የሚስብ ነው።